ንቧን ለክቶ ቀፎ ማሰናዳት፦ ከአበባው ወቅት በፊት የተሠራ ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፦ ቆጠራ

የዕቃ ቤቱን በር ከፍቼ ያለውን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣሁ። ከተለያየ እጅ የተሰበሰበ ስለሆነ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ከተለያዩ አናጢዎች የመጡ ሳጥኖች አሉ፤ ጆሯቸው የተሰበረ ፍሬሞች (የማር እንጀራ የሚሠራባቸው የእንጨት ማዕቀፎች) አሉ፤ ከማርጀቱ የተነሣ የጠቆረ የማር እንጀራ፣ ወናፉ የተቀደደ ማጨሻ፣ መረቡ የላላ ዓይነ ርግብ አለ። ንብ ያለባቸው ቀፎዎች ስምንት ናቸው። በመጪው ወቅት አሥራ ሁለት ላደርሳቸው እፈልጋለሁ።

የምፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ የትኛውም የእጭ ፍሬም በየትኛውም የእጭ ሳጥን ውስጥ፣ የትኛውም የማር ሳጥን በየትኛውም ቀፎ ላይ መግጠም አለበት። ወለላው መግባት ሲጀምር ለመሞከርና ለማስተካከል ጊዜ አይገኝም። አንድ ቀፎ ሞልቶ ንቦቹ መንጋ ሊያወጡ ሲሰናዱ የሚገጥም ሳጥን ፍለጋ መዞር ማለት ንቡንም ማሩንም መሸኘት ነው።

ከዚያ ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ንግሥቲቱ ዛሬ የጣለችው እንቁላል ሠራተኛ ንብ ሆኖ ከእንጀራው ዓይን የሚወጣው በ21 ቀን ነው። የወጣችው ንብ ደግሞ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀፎ ውስጥ ታገለግላለች፤ ዓይን ታጸዳለች፣ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ታወጣለች፣ በር ትጠብቃለች። አበባ ላይ የምትወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ በዋናው አበባ ወቅት የሚቀስሙት ንቦች ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ እንቁላል ሆነው መጣል አለባቸው። ለንግሥቲቱ መጣያ የሚሆን ንጹሕና ሰፊ እንጀራ ያኔ ከሌለ በኋላ የሚመጣ ዕቃ ምንም ያህል ቢያምር አያካክሰውም።

ይህ ስሌት የሥራውን ቅደም ተከተል ወሰነልኝ። መጀመሪያ የእጭ ሳጥንና ፍሬም፣ ቀጥሎ ሰም፣ ቀጥሎ የማር ሳጥን፣ መጨረሻ ፍሬሙን አሽከርክሮ ማሩን የሚያስወጣው ማር ማውጫ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሚያብረቀርቀው ማር ማውጫ ነው፤ እኔ ግን ንቧ ከምትኖርበት እጀምራለሁ።

እሑድ፦ ልኬት

ዛሬ ምንም አልገዛሁም፣ ምንም አልቆረጥኩም። ሙሉ ቀኑ ያለፈው በካሊፐርና በማስመሪያ ነው።

ዘመናዊ ቀፎ የሚባለው ሁሉ የቆመው በአንድ ክፍተት ላይ ነው። አሜሪካዊው ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት ሲያገኙ ሳይደፍኑ መተላለፊያ አድርገው እንደሚተውት አስተዋለ፤ በ1852 በዚህ ላይ ለተመሠረተው ቀፎ የባለቤትነት መብት አገኘ። ክፍተቱ ከዚህ ሲጠብ በንብ ሙጫ ይለጥፉታል፤ ሲሰፋ ትርፍ እንጀራ ይሠሩበታል። ፍሬም በእጅ ብድግ የሚለው ይህ ልክ ሲጠበቅ ብቻ ነው። ልኩ ከሌለ ሳጥኑ የቱንም ያህል በጥሩ እንጨት ቢሠራ ፍሬሞቹ ተጣብቀው፣ በመሮ ተፈልቅቀው፣ ንብ እየተጨፈለቀ ነው የሚወጡት። የተጨፈለቀች ንብ ሽታ ደግሞ ሌሎቹን ለመናደፍ ያስነሣል።

ያሉኝን ሳጥኖች አንድ በአንድ ለካሁ። የአሥር ፍሬም ሳጥን የውስጥ ርዝመቱ 465 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 372 አካባቢ መሆን አለበት። የፍሬሙ አካል 448 ስለሆነ በሁለቱም ጫፍ ከ8 ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ክፍተት ይተርፋል። ከሳጥኖቹ ገሚሱ ይህን ያሟላሉ። ሁለቱ 455 ናቸው፤ ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። በነዚህ ውስጥ የነበሩት ፍሬሞች ዳርና ዳራቸው በንብ ሙጫ የተሞላው ለምን እንደሆነ አሁን ምክንያቱ በቁጥር ተገኘ።

ቀጥሎ ንቦቹን ራሳቸውን ለካሁ። ክዳን ሥር በራሳቸው ፈቃድ የሠሩትን እንጀራ አወጣሁና የሠራተኛ ንብ ዓይኖች በተደረደሩበት ላይ በአንድ መስመር አሥር ዓይን ቆጥሬ ማስመሪያ አስቀመጥኩ። 49 ሚሊሜትር። በሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎችም ደገምኩት፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር አልበለጠም። ድንጉል (ወንድ ንብ) የሚፈለፈልባቸውን ትልልቅ ዓይኖች ከቆጠራው ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ውጤቱ ይዛባል። ከአንዱ እንጀራ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ደግሞ 32 ሚሊሜትር ሆነ።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የዓመቱን ግዢ ይለውጣሉ። በብዛት የሚገኘው የታተመ ሰም (ንቦቹ እንጀራቸውን የሚጀምሩበት፣ የዓይን ቅርጽ የታተመበት የሰም ገጽ) ተለቅ ላሉት የአውሮፓ ንቦች የተሠራ ስለሆነ ዓይኑ 5.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ፍሬሙም የሚሠራው በ35 ሚሊሜትር ርቀት እንዲቀመጥ ነው። የኔዎቹ ንቦች ግን ትንንሾች ናቸው። በሰፊ ዓይን ላይ ሲያስገድዷቸው እንጀራውን ያጣምሙታል፣ በመሐል የድንጉል ዓይን ይሰገስጉበታል። ስለዚህ 4.9 የታተመ ሰም እፈልጋለሁ፤ የእጭ ፍሬሞቹንም ወደ 32 አጠባቸዋለሁ። 11 ፍሬም በ32 ሲባዛ 352 ነው፤ በ372 ሳጥን ውስጥ ገብቶ ለእጅ ማስገቢያ የሚሆን ይተርፈዋል። ያው ሳጥን አንድ ተጨማሪ እንጀራ እጭ ያቅፋል ማለት ነው። እጭ በ34 እና በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መሞቅ ስላለበት ጠበብ ብሎ የተቀመጠ እንጀራ ሙቀቱንም በቀላሉ ይይዛል።

የሌላ ሰው ንብ 54 ቢለካ መልሱ ሌላ ይሆናል። ልኩ የሚገኘው ከራሱ ቀፎ ነው፤ ከካታሎግ ወይም ከጎረቤት አይገኝም።

ማክሰኞ ማታ፦ የሳጥን ቁመት

ዛሬ ከእህቴ ጋር ስለ ክብደት ተነጋገርን። ማር የምናወርደው ሁለታችን ነን፤ እሷ ደግሞ ወገቧን ታማለች።

244 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ትልቁ ሳጥን ማር ሲሞላ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። 168 የሆነው መካከለኛው 25 ኪሎ አካባቢ ነው። «ትልቁን ለሁለት እንይዘዋለን» አልኳት። «ለሁለት ስንይዘው ማን ነው ንቦቹን በጭስ የሚያረጋጋው?» አለችኝ። ልክ ናት። ደግሞ ከባድ ሳጥን ከእጅ አምልጦ ሲወርድ ንቡን ሁሉ ያስቆጣል።

ሁሉንም በመካከለኛው ሳጥን ማድረግም ይቻላል። ሦስት መካከለኛ 504 ሚሊሜትር፣ ሁለት ትልቅ 488 ስለሆነ ቦታው ተቀራራቢ ነው፤ ጥቅሙም አንድ ዓይነት ፍሬም ብቻ መያዙ ነው። አዲስ ለሚጀምር ሰው ይህን ከልቤ እመክራለሁ። እኔ ግን ደህና የሆኑ ትልልቅ ሳጥኖች አሉኝ፤ ንግሥቲቱም እንቁላል ስትጥል በማይቋረጥ ሰፊ እንጀራ ላይ ብትዞር እወዳለሁ። ስለዚህ እጩ በትልቁ፣ ማሩ በመካከለኛው።

ይህ ምርጫ ሌላም ነገር ያስጠብቅልኛል። እጭ የተፈለፈለበት ፍሬም በቁመቱ ስለሚለይ በስሕተት ወደ ማር ማውጫው አይገባም። እጭ ደጋግሞ የተፈለፈለበት እንጀራ በየዓይኑ ውስጥ እጩ ወደ ንብ ሲለወጥ የሚተወው ሽፋን እየተደራረበበት ይጠቁራል፤ ለንብ የተሰጠ መድኃኒት ካለም ቅሪቱ የሚከማቸው እዚያው ሰም ውስጥ ነው። የሚበላው ማር ከዚያ እንጀራ እንዲወጣ አልፈልግም።

ቅዳሜ፦ ከአናጢው ዘንድ

ሳጥኖቹ ደረሱ። ለአናጢው ሥዕል አልሰጠሁትም፤ ልኩ ተጠብቆ የተሠራ አንድ ሳጥንና አንድ ፍሬም ነው ያስቀመጥኩለት። ልኬት በቃልም በወረቀትም ይዛባል፤ ናሙና ግን ይታመናል። በጥብቅ የነገርኩት ሁለት ነገር ነው፦ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ የሚጠበቀው ልክ የውስጡ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ይጣመማልም፤ ዛሬ የተጠበቀው ልክ ከወራት በኋላ ይዛባና ፍሬሙ ይጣበቃል። የውጭው ልክ በእንጨቱ ውፍረት ቢለያይ የሚነካው ክዳኑንና ወለሉን ብቻ ነው፤ እነሱንም ከሳጥኑ ጋር አብሬ አሠርቻለሁ።

ሁሉንም በስኳድራ አየሁ። ማዕዘኑ ያልተስተካከለ ሳጥን ከላዩ የሚደረበውን አያስቀምጥም፤ በክፍተቱ ዝናብና ሌባ ንብ ይገባል። በማዕዘን በኩል ደህና ናቸው። ሁለቱ ላይ ግን የፍሬም ጆሮ የሚያርፍበት ደረጃ ጠለቅ ብሎ ተቆርጧል፤ ፍሬሙ ሦስት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ሥሩ ከታችኛው ፍሬም ራስ ጋር ይነካካል።

«ወንድሜ፣ ይህቺን ታክል ነገር ምን ትጎዳለች?» አለኝ። ሁለት ፍሬሞች እላይና ታች ተጣብቀው የወጡበትን አሮጌ ዕቃ ይዤ ስለነበር አሳየሁት። ሲያየው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ቀጭን ጣውላ ልጎ፣ በኮላ ለጥፎ፣ በምስማር አስሮ አስተካከላቸው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ እጅ አለው፤ ለሚቀጥለውም ሥራ ወደሱ ነው የምሄደው።

እሑድ፦ ፍሬምና ሽቦ

የፍሬሞቹን ትከሻ በመላጊያ ከሁለቱም ጎን እኩል እየላግን ከ35 ወደ 32 አወረድናቸው። እኩል መሆኑ ግዴታ ነው፤ ከአንድ ጎን ብቻ ከተላገ የእንጀራው መሐል ይዞራል። ይህን ያደረግነው ለእጭ ፍሬሞች ብቻ ነው። የማር ፍሬሞች በ35 ይቆያሉ። እንዲያውም እንጀራቸው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አንዱን አውጥቼ ዘጠኙን አራርቄ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ወፍራም እንጀራ ይሠራሉ፣ ማሩን የሚሸፍነውን የሰም ክዳንም በቢላ መግፈፍ ይቀላል።

ሽቦው የማይዝግ፣ ውፍረቱ ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊሜትር የሆነ ነው። የሚዝገውን ሽቦ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ እንጀራውን ያጠቁራል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ቀዳዳዎቹ ላይ ትንንሽ የመዳብ ቀለበት አስገባን፤ አለዚያ ሲወጠር ሽቦው እንጨቱን እየሰነጠቀ ይላላል። በጣት ሲነካ ድምፅ እስኪሰጥ ወጠርነው። ይህ ውጥረት ለውበት ብቻ አይደለም። አዲስ እንጀራ ማር ሲሞላ ክብደቱ ይጎትተዋል፤ ሽቦ ከሌለው በሞቃት ቀን ይወርዳል፣ ማር ማውጫ ውስጥም ይፈነዳል።

ለዓይን እንጂ ለእጅ የማያስቸግር ሥራ ነው። እህቴ ከኔ ይበልጥ ትፈጥናለች።

ረቡዕ፦ ሰም

የታተመ ሰም ሐሳቡ የመጣው ከጀርመናዊው አናጢና ንብ አርቢ ዮሐንስ ሜሪንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1857 በማተሚያ ላይ የዓይን ቅርጽ ያለው የሰም ገጽ ሠራ። እስካሁን የምንሠራው ያንኑ ነው። ለንቦቹ መነሻ ይሰጣቸዋል፤ እንጀራው ፍሬሙ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሠራል።

4.9 የታተመ ሰም ተዘጋጅቶ ማግኘት ስለሚያስቸግር በዚህ ልክ የተሠራ የሲሊኮን ማተሚያ ወሰድኩ። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ድስት በድስት ሆኖ በውሃ እንፋሎት ይቀልጣል። ሰም በእሳት ከተያያዘ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ክዳን አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። የሚቀልጥበት ዕቃም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት፤ ብረትና መዳብ የሰሙን ቀለም ያበላሻሉ።

ለማተሚያው የተጠቀምኩት ከማር ክዳንና ከነጣ እንጀራ የወጣውን ሰም ብቻ ነው። ምክንያቱ ፋውልብሩድ የሚባለው እጭን የሚያበሰብስ በሽታ ነው። የአሜሪካ የሚባለው ዓይነት የሚራባበት ዘር ከ35 ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል፤ ሰም የሚቀልጥበት ሙቀት አይገድለውም። ምንጩ ከማይታወቅ ጥቁር እንጀራ የወጣ ሰም ለሻማ ይሁን፤ ወደ ቀፎ አይመለስም።

በእጅ የታተመ ሰም በማሽን ከተዳመጠው ወፈር ይላል፣ ሲቀዘቅዝም ይሰበራል። ጠዋት በቀዝቃዛው ልናስገባው ስንሞክር ስለተሰነጠቀ ከሰዓት በኋላ በሞቀው አየር ሠራን። ሰሙን ሽቦው ላይ አስተኝተን፣ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ለጥቂት ሰከንድ አገናኘን፤ ሽቦው ሞቆ ሰሙ ውስጥ ይሰምጣል። አንድ ሰከንድ ከተረፈ ሰሙን ለሁለት ይቆርጠዋል። ቆጣሪዋ እህቴ ናት።

ሰሙ ለሁሉም ስላልበቃ ለእጭ ፍሬሞች ሙሉ ገጽ፣ ለአንዳንድ የማር ፍሬሞች ከላይ ሦስት ሴንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ብቻ አደረግሁ። ቁራጩ የተሰጣቸው የራሳቸውን እንጀራ ወደ ታች ይሠራሉ። በመጀመሪያው ዓመት ማር ማውጫ ውስጥ ቀስ ብለው መዞር አለባቸው፤ በቀለም ምልክት አደረግሁባቸው።

ዓርብ፦ አሮጌውን ዕቃ ማጽዳት

ከሁሉ ረጅሙ ሥራ ይህ ነበር፤ ግን ልቤ ያረፈውም በዚህ ነው።

አሮጌውን እንጀራ አንድ በአንድ ፀሐይን ወደ ኋላዬ አድርጌ አየሁ። የምፈልገው በዓይኑ የታችኛው ግድግዳ ላይ የተጣበቀ፣ በቀላሉ የማይነሣ ጥቁር ቅርፊት ነው፤ በፋውልብሩድ የሞተ እጭ ደርቆ የሚተወው ምልክት ነው። ንብ ባለባቸው ቀፎዎች ደግሞ የተሰረጎደና የተቀዳደደ ክዳን ያለውን ዓይን በክብሪት እንጨት ነካ አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል፤ ቡናማ ሆኖ እንደ ክር የሚሳብ ከሆነ በሽታው አለ። በኔ ዘንድ አላገኘሁም። ቢገኝ ኖሮ ፍሬሙና እንጀራው ጉድጓድ ውስጥ ተቃጥሎ ይቀበር ነበር። በበሽታው የተጠረጠረ ሳጥንን በእሳት መለብለብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ያገለገለ ቀፎ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ከነእንጀራው የሚገዛ ሰው ያሳስበኛል። እንጨቱን ውሰድ፣ እንጀራውን ተው።

ንጹሕ ለሆኑት ሳጥኖች ያደረግሁት ይህ ነው። የንብ ሙጫውንና ሰሙን በመፋቂያ አነሣሁ፤ ቀዝቀዝ ሲል በቀላሉ ይፈረፈራል። ከዚያ ውስጡን በጋዝ ነበልባል እንጨቱ ቀላ ያለ ቡና ቀለም እስኪይዝ ለበለብኩት፤ በተለይ ማዕዘኖቹንና ጆሮ ማሳረፊያውን፤ እንጀራ የሚበላው የሰም ትል የሚደበቀው እዚያ ነውና።

ለትል ሲባል እንጀራ መሐል ናፍታሊን መጣል ክልክል መሆን አለበት። ሽታው ሰም ውስጥ ገብቶ ወደ ማሩ ይሻገራል፣ ለንቦቹም መርዝ ነው። የምጠብቃቸውን ነጣ ያሉ እንጀራዎች ፍሪዘር ውስጥ ከተትኳቸው። በ15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሁለት ሰዓት ውስጥ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል፤ እንጀራው ግን እስከ መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ስለሚወስድ ሁለት ቀን አቆየዋለሁ። ከወጣ በኋላ ብርሃንና አየር በሚያገኝበት አንጠለጥለዋለሁ፤ ትሉ የሚወደው ጨለማና የተዘጋ ቦታ ነው።

ጥቁሮቹን ሁሉ አቀለጥኳቸው። የእጭ እንጀራን በሦስት ወይም በአራት ዓመት መለወጥ ልማዴ ላደርገው ነው፤ በየዓመቱ ከየቀፎው ሦስት ብተካ ያልቃል። የገባበትን ዓመት ፍሬሙ ራስ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፍኩ።

ቅዳሜ፦ ቀለም

ከውጭ የተልባ ዘይት፣ ላዩን ነጣ ያለ ቀለም። ከውስጥ ምንም። ውስጡን ንቦቹ ራሳቸው በሙጫ ይቀቡታል፤ ከኛ ይልቅ ያውቁበታል። ምስጥ ይከላከላል ተብሎ ፀረ ተባይ የተቀላቀለበት የእንጨት መድኃኒት ቀፎ አጠገብ እንዳይደርስ ጣሳውን ከዕቃ ቤቱ አወጣሁ።

እሑድ፦ ማጨሻ፣ ልብስ፣ መሮ

ወናፍ ያለው የእጅ ማጨሻ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በአሜሪካዊው ሞዝስ ኩዊንቢ እጅ መልክ ከያዘ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። የሚመረጠው በሦስት ነገር ነው። አካሉ አይዝጌ ይሁን፤ ቆርቆሮ በጥቂት ወቅት ይበላል። ወርዱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ ጠባቡ በሥራ መሐል ይጠፋል። ዙሪያውን የሽቦ ከለላ ይኑረው፤ በጭን መካከል ሲያዝ እንዳያቃጥል። የአሮጌውን ወናፍ ቆዳ ቀይሬ ለመጠባበቂያ አስቀመጥኩት፤ አካሉ ገና ጤነኛ ነው።

ጭስ ሁለት ሥራ ይሠራል። ንቦች ሲናደዱ የሚለቁትን የማስጠንቀቂያ ሽታ ይሸፍናል፤ ደግሞ እሳት የመጣ ስለሚመስላቸው ማር ለመጠጣት ይሯሯጣሉ። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛና ነጭ ጭስ ነው። ደረቅ ቅጠል፣ የእንጨት ልግ፣ ያረጀ የጥጥ ጆንያ ይሆናል። ቀለም ወይም ኬሚካል የነካው እንጨትና ላስቲክ ያለበት ጆንያ ፈጽሞ አይሆንም።

ለዓይነ ርግቡ መረብ ጥቁር መረጥኩ። ልብሱ ነጣ ያለ መሆኑ ንቦቹን ያረጋጋል፤ ዓይን ፊት ያለው መረብ ግን ነጭ ሲሆን ብርሃኑን እየመለሰ እንቁላል አያሳይም። እንቁላል ያላየ ሰው ንግሥቲቱ መኖሯን በምን ያውቃል? ጓንት በሁለት ዓይነት አለን፦ ለቁጡዎቹ ወፍራም የቆዳ፣ ለዘወትር ቀጭኑ። በወፍራሙ ጣት ንብ መጨፍለቅ ይበዛል። የተናደፈ ጓንት ሽታው ስለሚቀር በየጊዜው መታጠብ አለበት።

መሮው ጫፉ የተቆለመመው ነው። ፍሬሙን ከጆሮው ሥር ይይዝና አጠገቡ ያለውን እየተደገፈ ያነሣዋል፤ ቀጥ ካለው ይልቅ ለእንጀራው ይራራል። ደማቅ ቀይ ቀለም ቀባሁት፤ ሣር ውስጥ ሲወድቅ ይታያል።

ማክሰኞ፦ ወለል፣ ማገጃ፣ መመገቢያ

ለግማሾቹ ቀፎዎች የሽቦ ወንፊት ያለው ወለል አሠራሁ። ቀዳዳው 3 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ንብ አያሳልፍም፤ ወርዷ ከ2 ሚሊሜትር የማይበልጠውን፣ ንብ ላይ የምትኖረውን ቫሮዋ የተባለች ጥገኛ ተባይ ግን ያሳልፋል። ከሥሩ ዘይት የተቀባ ነጭ ሰሌዳ አስገብቼ በቀን ስንት እንደምትወድቅ እቆጥራለሁ። መድኃኒት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው በግምት እንዳይወሰን ነው።

ስለ ንግሥት ማገጃ ብዙ አሰብኩ። ክፍተቱ ከ4.1 እስከ 4.3 ሚሊሜትር ነው፤ ሠራተኛ ንብ ታልፋለች፣ ደረተ ሰፊዋ ንግሥት አታልፍም። ንቦቹ ትንንሽ ሲሆኑ ንግሥቲቱም ትንሽ ስለሆነች ወደ ታችኛው ልክ የሚያዘነብለውን መምረጥ ይሻላል። ከፕላስቲክ ይልቅ ክብ ሽቦ ወሰድኩ፤ የፕላስቲኩ የተሳለ ጠርዝ የንብ ክንፍ ይቆርጣል። ዘንድሮ በአራት ቀፎ ላይ ብቻ አደርገዋለሁ። ሌሎቹ ያለ ማገጃ ይሂዱ፤ ከላይ ያለው እንጀራ በማር ሲሞላ ንግሥቲቱ ራሷ ወደ ታች ትመለሳለች። ሁለቱን በአንድ ወቅት ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ።

መመገቢያው ፍሬም የሚመስለው ነው። ውስጡ የሚንሳፈፍ እንጨት ከሌለው ንብ ይሰጥምበታል። አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውሃ፤ ቀጭኑ ሽሮፕ ሰም ለማውጣትና ለእንቁላል ያነሣሣል። የማር ሳጥን ከመደረቡ በፊት ይወጣል፤ ስኳር ማር ውስጥ ገብቶ ማር ተብሎ እንዲሸጥ አልፈቅድም።

ቅዳሜ፦ መደብና ጉንዳን

መደቦቹን ከመሬት 45 ሴንቲሜትር ከፍ አደረግናቸው። ለወገብም ይመቻል፣ እርጥበትም አይደርስም። እግሮቹን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለባቸው ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆምን፤ ጉንዳን አይሻገረውም። በላዩ ክዳን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዝናብ ሲገባበት ዘይቱ ይገነፍላል፣ ንብም ይወድቅበታል። አንዲት ሣር መደቡን ከነካች ለጉንዳን ድልድይ ስለሆነች ዙሪያው ይታጨዳል። ቀፎው ወደ በሩ በኩል በጣም ጥቂት ዘመም ይላል፤ የገባ ውሃ ይወጣል።

ከተረፉት ትልልቅ ሳጥኖች ሁለቱን ለመንጋ ማጥመጃ አዘጋጀሁ። ተመራማሪው ቶማስ ሲሊ እንዳሳየው ቤት ፈላጊ ንቦች 40 ሊትር የሚሆን ባዶ ቦታ ይመርጣሉ። 465 በ372 በ244 ሲባዛ 42 ሊትር ነው። አንድ አሮጌ ግን ንጹሕ እንጀራ፣ ጠባብ በር፣ ከፍ ያለ ዛፍ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱ በዚህ ቢገኙ ደስ ይለኛል።

ሐሙስ፦ ማር ማውጫ

ይህን አልገዛም። የኦስትሪያ ጦር መኮንን የነበረው ፍራንዝ ፎን ህሩሽካ እ.ኤ.አ. በ1865 ካስተዋወቀው ወዲህ አሠራሩ ሁለት መልክ ይዟል። በአንደኛው ፍሬሙ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይዞራል፤ አንዱ ገጽ ሲወጣ ይገለበጣል። በሌላው ፍሬሞቹ እንደ ጎማ ጨረር ተቀምጠው ሁለቱም ገጽ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ የእንጀራው ዓይን ወደ ላይ ቀና ያለ ስለሆነ የፍሬሙ ራስ ወደ ውጭ መሆን አለበት። ለአሥራ ሁለት ቀፎ አራት ፍሬም የሚይዝ በእጅ የሚዞረው ይበቃል። ከሌሎች አርቢዎች ጋር ተስማምተን በጋራ እንጠቀማለን።

የማልደራደርበት ማር የሚነካው ሁሉ አይዝጌ ብረት መሆኑን ነው። ማር አሲድነት አለው፤ ዚንክ ከተቀባ ላሜራ ላይ ብረቱን ያሟሟል። ለራሴ የገዛሁት የእርጥበት መለኪያ ብቻ ነው። ማር ከ20 በመቶ በላይ ውሃ ካለው ይቦካል፤ እኔ 18 ላይ ሲደርስ ነው የማወርደው።

እሑድ፦ የመጀመሪያው ዝውውር

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ጠባቡን ሳጥን ይዘው የነበሩትን ሁለቱን ቀፎዎች ወደ አዲሱ አዛወርን። ፍሬሞቹ የገቡት በነበሩበት ተራ ነው፤ እጭ ያለባቸው መሐል ላይ ተሰብስበው፣ የአበባ ዱቄት ያላቸው ከጎናቸው፣ ማር ያላቸው ዳር። አዲሱን የታተመ ሰም በእጩ መሐል አልሰነቀርኩም፤ እጩን ለሁለት ከፍሎ ያቀዘቅዘዋል። ከእጩ ቀጥሎ ነው ያደረግሁት። አሮጌው ሳጥን ግድግዳ ላይ የቀሩትን ንቦች አዲሱ ደጃፍ ላይ አራገፍናቸው፤ ተከታትለው ገቡ። በሩን ለጊዜው አጠበብነው፤ ሽሮፕ ያለበት ቀፎ ሌባ ንብ ይጠራል።

ረቡዕ፦ ማየት

ሁለቱም ቀፎ ውስጥ በዓይኑ ሥር ቀጥ ብሎ የቆመ እንቁላል አለ። እንቁላል ሦስት ቀን ብቻ ስለሚቆይ ንግሥቶቹ በአዲሱ ሳጥን ውስጥ እየጣሉ ነው። የታተመው ሰም በሁለቱም ገጽ ተጀምሯል፤ አንዱ ፍሬም ላይ አሥር ዓይን ለካሁ፣ 49 ነው። የድንጉል ዓይን የታየው ታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ ጥቂት ድንጉል ያስፈልጋልና አልነካሁትም። ፍሬሞቹ በጣት ይነሣሉ፤ መሮው ኪሴ ውስጥ ቆየ።

ከቀሩት ስድስት ቀፎዎች ሦስቱ ላይ ንብ ስምንት ፍሬም ሸፍኗል። ለነሱ መመገቢያው ዛሬ ወጣ፤ ቅዳሜ የማር ሳጥን ይደረብላቸዋል። ሌሎቹ ሦስቱ ሽሮፑ ይቀጥላል።